የሹሩባ ዳሌ

በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ ገና ክሊኒኩን ስንከፍት፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በነጠላ የተጠቀለለች ድመት በዘንቢል ይዘው ገቡ። ድመቷ ሹሩባ ትባላለች፤ ስሙን ያወጡላት በግራጫ ፀጉሯ ላይ ከግንባሯ እስከ ጅራቷ የተዘረጉት ጥቋቁር መስመሮች ናቸው። ምጧ የጀመረው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ አድራ ንጋት ላይ ጠቆር ያለ ቀይ ፈሳሽ ከመታየቱ በቀር አንድም ልጅ አልወጣም። እናትየዋ ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነበር። «ማርያም ትፍታት እያልኩ ነው ያደርኩት። ልጄ፣ ምን ሆናብኝ ነው?» አሉኝ።

ሁልጊዜ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ጠየቅኳቸው፤ የመጀመሪያ ወሊዷ መሆኑን፣ ካረገዘች ስንት ቀን እንደሆናት፣ ምን እንደምትበላ፣ ወድቃ ወይም ተገጭታ ታውቅ እንደሆነ። የመጨረሻውን ሲመልሱ ትንሽ አሰቡ። «አምና በክረምት መኪና ገጭቷት ነበር። የኋላ እግሮቿን እየጎተተች መጥታ ከምድጃው ኋላ ሁለት ወር ያህል ተኛች። ከዚያ ተነሥታ እንደ ድሮዋ አጥር መዝለል ጀመረች፤ ድና ነበር እኮ!» ይህን እንደሰማሁ ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ራጅ እንድትነሣ ወሰንኩ።

«ድና ነበር» የሚለውን ቃል በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚናገሩትም ሰዎች አይዋሹም። በእኛ ዘንድ እንስሳ ከተነሣች፣ ከሄደችና ከበላች ድናለች ይባላል፤ ለድመት ደግሞ ይህ ፍርድ ይበልጥ ይቀናል፣ ምክንያቱም ድመት ሕመሟን መደበቅ የምታውቅ፣ አጥንቷም ብቻውን ሲጋጠም ወደ ቀድሞ ሩጫዋ የምትመለስ ፍጥረት ናት። ነገር ግን ለመራመድ የሚበቃ ዳሌ ለመውለድ ላይበቃ ይችላል። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚህ ልዩነት ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ የሚገባንም ድመቷ በምጥ ተይዛ በዘንቢል ስትመጣ ሳይሆን ገና ወንድ ሳትፈልግ ነው።

የድመት ዳሌ እንደ ቀለበት የተዘጋ አጥንት ነው። በላይ በኩል ከአከርካሪዋ የታችኛው ክፍል ጋር ይጋጠማል፣ በጎንና በታች ዞሮም ግራና ቀኙ ይገናኛል፤ ልጆቿ ሁሉ፣ ሽንቷና ዓይነ ምድሯም ጭምር፣ የሚያልፉት በዚህ ቀለበት ውስጥ ነው። የእንስራ ከንፈር በአንድ በኩል ሲመታ በሌላውም በኩል እንደሚሰነጠቅ፣ ዳሌም በመኪና ሲመታ በአንድ ቦታ ብቻ መሰበሩ እምብዛም አይታይም። ስብራቱ የጭን መገጣጠሚያውን ካልነካና ነርቮቿ ካልተጎዱ፣ ድመቷ ለጥቂት ሳምንታት በጠባብ ቦታ ጸጥ ብላ ከተኛች አጥንቱ ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይጋጠማል። ችግሩ የሚጋጠመው በወደቀበት ሥፍራ መሆኑ ነው። ጎኑ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ከነበረ ወደ ውስጥ እንደተገፋ ይጠነክራል፤ በዙሪያውም አዲስ አጥንት ስለሚያብብ መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባል።

ሹሩባን ሁለት ራጅ አነሣናት፤ አንዱን በጎኗ አስተኝተን፣ ሌላውን በጀርባዋ። በአንድ ራጅ ብቻ ስለ ዳሌ መፍረድ አይቻልም፤ ከጎን ሲታይ ግራና ቀኙ ተደራርበው ስለሚጋረዱ የተገፋው አጥንት ሊደበቅ ይችላል፣ ከጀርባ የተነሣው ብቻውን ደግሞ ከላይ ወደ ታች ያለውን ከፍታ አያሳይም። በጀርባዋ ስትተኛ አካሏ ቀጥ ማለት አለበት። ትንሽ እንኳ ዘንበል ካለች ጤነኛ ዳሌ ራሱ የተጣመመ ይመስላል፤ ይህን የማጣራው በዳሌው የታችኛው ክፍል ያሉት ሁለት ሞላላ ቀዳዳዎች በመጠን እኩል ሆነው መታየታቸውን በማየት ነው፣ አጥንቱ ራሱ የተሰበረ ሲሆን ደግሞ አከርካሪዋ ቀጥ ብሎ መተኛቱን አያለሁ። እርጉዝ ድመትን በጀርባዋ ለረጅም ጊዜ ማስተኛትም አይገባም፤ የከበደው ማህፀን ትልቁን የደም ሥርና ትንፋሿን ስለሚጫን ሥራው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። እናትየዋ ከበሩ ውጭ ቆመው «እንዳታመነጫጭቋት፣ አደራ» ይሉኝ ነበር።

በራጁ ላይ ያየሁት ይህ ነው። የግራው የዳሌ አጥንት ከመሐሉ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በሥፍራውም እንደ ቋጠሮ የወፈረ አጥንት አብቅሏል። ከቀኙ ጋር ሲነጻጸር የመተላለፊያው ስፋት ግማሽ ያህሉን አጥቷል። በሆዷ ውስጥ ሦስት አከርካሪና ሦስት ራስ ቅል ቆጠርኩ። የአንደኛው ራስ ቅል ልክ በቀለበቱ አፍ ላይ ቆሟል፤ የራስ ቅሉ አጥንቶች እርስ በርሳቸው ተደራርበዋል፣ በገላው ውስጥም የአየር ጥላ ይታያል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ጽንሱ መሞቱን የሚናገሩ ናቸው። ራጅ ሞትን በእንዲህ ያለ ምልክት ሊያሳይ ይችላል፤ ምልክቱ የሚታየው ግን ጽንሱ ከሞተ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ስለሆነ ምልክት አለመኖሩ ሕይወት መኖሩን አያረጋግጥም። ስለዚህ ወዲያው በአልትራሳውንድ የቀሩትን ሁለት ልቦች ፈለግን። የጤነኛ የድመት ጽንስ ልብ በደቂቃ 200 ጊዜ ያህልና ከዚያም በላይ ይመታል፤ አንደኛው በዚያ ፍጥነት ይሄድ ነበር፣ ሁለተኛው ግን መዘግየት ጀምሮ ነበር።

በዚህ ላይ ለብዙ ዓመታት ያልተናገርኩትን ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ በሌላ ክሊኒክ ሳለሁ፣ እንደ ሹሩባ ስታምጥ ያደረች አንዲት ነጭ ድመት መጥታልኝ ነበር። ስለ ቀድሞ ታሪኳ ሳልጠይቅና ራጅ ሳላስነሣ ምጧ ደከመ ብዬ ኦክሲቶሲን ወጋኋት፤ ጥቂት ቆይቼም ደገምኩላት። ኦክሲቶሲን ማህፀንን የሚያኮማትር ሆርሞን ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ ኃይል ብቻ ሲጎድል ይጠቅማል፣ በሩ ዝግ ሲሆን ግን ማህፀኑ የማያልፈውን ነገር እየገፋ ሊቀደድ ይችላል፣ በሕይወት ያሉትም ጽንሶች በእያንዳንዱ መኮማተር የደም ዝውውራቸው እየተቋረጠ ይታፈናሉ። የዚያች ድመት ማህፀን ተቀደደ። ሆዷን ስንከፍት ደም ሞልቶት ነበር፤ እሷም ልጆቿም አልተረፉም። ከሞተች በኋላ ዳሌዋን በእጄ ስዳስሰው በሹሩባ ራጅ ላይ ያየሁትን ዓይነት ቋጠሮ አገኘሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አንድ ጥያቄና አንድ ራጅ ያስቀሩት ነበር።

ይህን ስል የድመት አስቸጋሪ ወሊድ ሁሉ ከዳሌ መጥበብ ይመጣል ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ የስዊድን ጥናት 155 በምጥ የተቸገሩ ድመቶችን መዝገብ መርምሮ፣ ከመቶው 67 ያህሉ ችግሩ ከእናቲቱ፣ 30 ያህሉ ደግሞ ከጽንሱ አቀማመጥ፣ መጠን ወይም ሁኔታ መምጣቱን አሳይቷል። ትልቁ ምክንያት የማህፀን አለመኮማተር ሲሆን ይህ ብቻውን ከመቶው 60 ያህሉን ይይዛል፤ የመውለጃ መተላለፊያ መጥበብ ግን ከመቶው 5 ያህሉ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው ብሎ የሚተወው ሰው ይኖራል። እኔ የማየው በሌላ በኩል ነው፤ ሐኪም ለብዙኃኑ የሚሰጠው መድኃኒት ለእነዚህ ጥቂቶች መርዝ ስለሚሆን፣ ከመውጋቱ በፊት ጥቂቶቹን መለየት አለበት። በእኛ ከተማ ደግሞ ድመቶች በነጻነት መንገድ የሚሻገሩ ስለሆኑ በእጄ የሚያልፉት የተሰበሩ ዳሌዎች ጥቂት አይደሉም።

ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ሳጠና የተማርነው በአብዛኛው ስለ ላምና ስለ በግ ነበር። ጊደር ከመጠቃቷ በፊት ዳሌዋ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ መለኪያ ይለካል፤ ከላይ ወደ ታችና ከጎን ወደ ጎን ያለው ርቀት ተባዝቶ ስፋቱ ይታወቃል፣ ጠባብ የሆነችው ተለይታ ለእርባታ አትቀርብም። ላም በምትወልድበት ጊዜም የሐኪሙ እጅ ሙሉ በሙሉ ገብቶ አጥንቱንና ጥጃውን በአንድነት ይዳስሳል። በድመት ይህ ሁሉ አይቻልም፤ ትንሿ ጣት እንኳ በጭንቅ ነው የምትገባው። ለድመት ሐኪም እጁ ራጅ ነው። ከጎን በተነሣው ራጅ ላይ አከርካሪው ከዳሌው ጋር ከሚጋጠምበት ከፊተኛው የአጥንት ጫፍ እስከ ዳሌው ወለል የፊት ጠርዝ መሥመር ይሰመራል፤ ከጀርባ በተነሣው ላይ ደግሞ በግራና በቀኙ አጥንት መካከል ያለው ስፋት ይለካል። ከዚያ በኋላ እነዚህን ከጽንሱ የራስ ቅል ስፋት ጋር ማነጻጸር ነው። ሆኖም በሚሊሜትር ላይ ብቻ ተመሥርቼ አልፈርድም። ከራጁ ሰሌዳ ራቅ ብሎ ያለ ነገር ከመጠኑ በላይ ገዝፎ ስለሚታይ በሆድ ውስጥ ከፍ ብሎ የተኛ ጽንስ ራሱ ትልቅ ሊመስል ይችላል፤ በወሊድ ጊዜ የሚላሉት ጅማቶችም በራጅ ላይ አይታዩም። ስለዚህ ለጥርጣሬ የሚሆን ሰፊ ሥፍራ አለ። የሹሩባ ዳሌ ግን ለጥርጣሬ ሥፍራ የሚተው አልነበረም።

እናትየዋን አንድ ተጨማሪ ነገር ጠየቅኳቸው፤ ዓይነ ምድር ስትወጣ ትቸገር እንደሆነ። «ኧረ ታምጣለች! አሸዋው ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጣ ትጮሃለች፤ ድርቀት ነው ብዬ ዘይት እቀባላታለሁ» አሉ። የጠበበ ዳሌ ከወሊድ ብዙ ወራት ቀደም ብሎ የሚናገረው በዚህ ቋንቋ ነው። መተላለፊያው ግማሽ ያህሉን ስፋት ሲያጣ ትልቁ አንጀት ከበስተኋላው እየተጠራቀመበት ይለጠጣል፤ ነገሩ ከቆየም አንጀቱ ልፍስፍስ ብሎ መኮማተር ያቅተዋል። መኪና ገጭቷት የዳነች ድመት ደጋግማ በድርቀት የምትሠቃይ ከሆነ ዳሌዋን በራጅ ማየት ይገባል፤ ያን ጊዜ የሚገኘው መልስ የመውለዱንም ጥያቄ አብሮ ይመልሳል።

ዳሌ የሚጠብበት ሌላም መንገድ አለ፤ በእኛ ቤቶች ደግሞ በፍቅር የሚደረግ ስለሆነ በጣም ያሳዝነኛል። አንዳንድ ቤተሰብ ለትንሿ ድመት ከቀይ ሥጋ በቀር ሌላ ነገር አይሰጣትም፤ ከሥጋ ቤት በየቀኑ ስስ ሥጋ፣ ጉበት ወይም ልብ ይገዛላታል። በሥጋ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከካልሲየሙ ከ15 እስከ 20 እጥፍ ይበልጣል፤ በጉበት ውስጥ ልዩነቱ ከዚህም ይከፋል። የምታድግ ድመት ግን ሁለቱን በተቀራረበ መጠን ትፈልጋለች። በደሟ ውስጥ ካልሲየም ሲጎድል በአንገቷ ያሉት ትናንሽ ዕጢዎች ጉድለቱን ከአጥንቷ እየሰረሰሩ ያሟላሉ፤ አጥንቷ እንደ ወረቀት ይሳሳል፣ ያለ ምንም አደጋ ይታጠፋል፣ አከርካሪዋ ይጎብጣል፣ ዳሌዋም ከሁለት ጎን ተጨምቆ ይወድቃል። በራጅ ላይ አጥንቱ ከሥጋው ጋር ሊለይ እስኪያስቸግር ድረስ የደበዘዘ ሆኖ ይታያል። ምግቧ ሲስተካከል አጥንቱ በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ የተጨመቀው ዳሌ ግን ተመልሶ አይሰፋም። አይጥ አድና ከነአጥንቱ የምትበላ የመንደር ድመት ይህ በሽታ አያገኛትም፤ የሚያገኘው የተሞላቀቀችውን ነው።

የድመቷ ዘርም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 በብሪታንያ የታተመ ጥናት 735 ወሊዶችን ተመልክቶ ከመቶው 5.8 ያህሉ አስቸጋሪ እንደነበሩ አገኘ፤ በድብልቅ ዘር ድመቶች ግን ቁጥሩ 0.4 ብቻ ሲሆን ዴቨን ሬክስ በሚባሉት 18.2 ደርሷል። ፊታቸው ጠፍጣፋ የሆኑትም፣ ራሳቸው ረዝሞ የቀጠነውም ከመካከለኛዎቹ ይበልጥ ይቸገራሉ። በአዲስ አበባ ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ፐርሺያን ድመት ማሳደግ እየተለመደ በመምጣቱ ይህን መጥቀስ ተገቢ መሰለኝ።

ብዙ ሰዎች ራጅ ጽንሱን ይጎዳል ብለው ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት የለሽ አይደለም። በእርግዝናዋ የመጀመሪያ ሳምንታት፣ የጽንሱ አካላት በሚሠሩበት ጊዜ፣ ያለ ከባድ ምክንያት ራጅ አላነሣም። የድመት እርግዝና በአማካይ 65 ቀን ያህል ሲሆን የጽንሶቹ አጥንት በራጅ ላይ መታየት የሚጀምረው ከ40ኛው ቀን ገደማ በኋላ ነው፤ ልጆቹን በትክክል ለመቁጠር ደግሞ የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ይመቻሉ። በዚያ ጊዜ የሚነሡ ሁለት ራጆች የሚያደርሱት ጉዳት እጅግ አነስተኛ ነው፤ ስንት እንደሚወለዱ አስቀድሞ ማወቅም አንዱ ልጅ ሆድ ውስጥ ቀርቶ ሳይታወቅ እንዳይሞት ይረዳል። የተገጨች ድመት ራጅ ግን ከእርግዝና በፊት መሆን አለበት፤ ጠባብ ዳሌ ከተገኘም እኔ የምመክረው ማምከን ብቻ ነው።

ስለ መጠበቅም አንድ ነገር ልበል፤ ሰዎች በሌሊት ስልክ ደውለው የሚጠይቁኝ ይህን ነውና። ድመት ሁለት ልጆች ወልዳ ምጧን ልታቋርጥ፣ ልጆቿን እያጠባች ለሰዓታት፣ አንዳንዴም እስከ ማግስቱ አርፋ ቀሪዎቹን ልትወልድ ትችላለች። ጸጥ ያለች፣ የምትበላና ልጆቿን የምትልስ ከሆነ ይህ ጤነኛ ዕረፍት ነው። ልጁ በኋላ እግሩ መምጣቱም በድመት ዘንድ የተለመደ ነው፤ አያስደነግጥ። የሚያስደነግጠው ግማሽ ሰዓት ያህል በኃይል እያማጠች ምንም አለመውጣቱ፣ ልጁ በከፊል ወጥቶ መቆሙ፣ ደማቅ ደም አለማቋረጡ፣ ወይም እናቲቱ ደክማ ራሷን ማንሣት ማቃቷ ነው። ያን ጊዜ መጠበቅ አይገባም፤ ልጁንም መጎተት አይገባም።

ሹሩባን ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገናው አስገባናት። ደርቃ ስለነበር አስቀድመን በደም ሥሯ ፈሳሽ ሰጠናት፤ ማደንዘዣውም ልጆቹን እንዳያደክም አጭርና ቀላል ሆነ። በዳሌው አፍ የቆመውን ሙት ጽንስ በማህፀኑ ውስጥ ወደ ኋላ መልሰን ማውጣት ነበረብን፤ ቀሪዎቹን ሁለቱን ግን ረዳቴ በፎጣ ተቀብላ አፍና አፍንጫቸውን እየጠረገች ጀርባቸውን ስታሻቸው፣ አንደኛዋ ወዲያው ጮኸች፣ ልቡ የዘገየው ወንዱ ደግሞ ከስምንት ደቂቃ በኋላ ተነፈሰ። በዚያው ማህፀኗንና የእንቁላል ዕጢዎቿን አወጣን፤ ለዚህም አስቀድሜ የእናትየዋን ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማህፀኗ ከወጣ ወተቷ አይደርቅም?» አይደርቅም። ወተት እንዲፈስ የሚያዘው ሆርሞን የሚመነጨው በአንጎል ሥር ካለው ዕጢ ነው፤ ልጆቹ እስከጠቡ ድረስ ይቀጥላል። በቀትር ላይ ሹሩባ ዓይኗን ገልጣ ልጆቿን ስትልስ እናትየዋ ጎንበስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት።

ራጁን በመስኮቱ ብርሃን ላይ አንሥቼ የተገፋውን አጥንት አሳየኋቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው አጥር ስትዘል የነበረው?» ካሉ በኋላ የድርቀቷን ነገር ደግመው ጠየቁኝ፤ የዳሌዋ መጥበብ በማምከን እንደማይጠፋ፣ ዓይነ ምድሯን የሚያለሰልስ መድኃኒትና እርጥብ ምግብ ለረጅም ጊዜ እንደሚያስፈልጋት ነገርኳቸው፤ እሱም ካልበቃ ሌላ ቀዶ ጥገና ሊኖር እንደሚችል አልደበቅኩም።

በአሥረኛው ቀን ስፌቱን ለማስፈታት በዚያው ዘንቢል መጡ። ቁስሉ ደርቋል። ልጆቹን መዘንኳቸው፤ ሴቷ ስትወለድ 98 ግራም ነበረች፣ 215 ደርሳለች፤ ወንዱ ከ86 ተነሥቶ 180 ሆኗል፣ ዓይኖቹም መከፈት ጀምረዋል።